የኮክ መበስበስ የሚጀምረው ከዛፉ ላይ ነው

የዛሬው የግብርና ዝግጅታችን ስለ ኮክ ነው። ስለ አተካከሉ ወይም ስለ ችግኝ አመራረጡ አይደለም። ከተለቀመ በኋላ፣ በሳጥንና በቅርጫት ውስጥ ሳለ፣ ገበያ ሳይደርስ ወይም በደረሰ ማግስት ስለሚያበሰብሰው ፈንገስ እናወራለን። ፕሪም ያላችሁ አድማጮችም አብራችሁን ቆዩ። ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ቼሪ መካከላቸው ላይ አንድ ጠንካራ ዘር የሚይዙ የአንድ ቤተሰብ ፍሬዎች ናቸው፤ ጠላታቸውም አንድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮክ ተለቅሞ ሳጥን ሞላ እንበል። ሲሞላ አንድም እንከን አይታይበትም። ረቡዕ ሳጥኑ ሲከፈት የላይኛው ረድፍ እንዳማረበት ነው። እሱን አንስታችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ግን አንዱ ኮክ ጎኑ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ክብ ቡናማ ነጥብ ይዟል። ሐሙስ ያ ነጥብ ግማሹን ፍሬ አዳርሶታል፤ በላዩም ላይ አመድማ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር በትናንሽ ጉብታ ወጥቷል። ዓርብ አጠገቡ ያሉት ይከተላሉ። ቸርቻሪዋ ገበሬውን ትወቅሳለች፣ ገበሬው ሹፌሩን፣ ሹፌሩ መንገዱን። ኪሳራው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ጉልት ላይ በተቀመጠችው እናት ላይ ነው፤ ገንዘብ ከፍላ የተረከበችው እሷ ናትና። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እሷ ዘንድ ሲደርስ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ገበያ ላይ የምናየው ብስባሴ አብዛኛው ገበያ ላይ የተፈጠረ አይደለም። ፍሬው ዛፍ ላይ ሳለ የገባ ነው። መከላከሉም መጀመር ያለበት እዚያው ዛፉ ዘንድ ነው።

በመጀመሪያ ጠላታችንን እንለይ። ኮክን ከለቀማ በኋላ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች በርካታ ቢሆኑም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሞኒሊኒያ ይባላል፤ የሚያመጣውም በሽታ ቡናማ አበስብስ ነው። ሁለተኛው ሪዞፐስ ነው፤ ዳቦ ላይ ጥቁር ሻጋታ የሚያወጣው ራሱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የበሰበሰውን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ቆዳውን ወደ ጎን ግፉት። ቆዳው ከሥጋው ሳይላቀቅ ጠንከር ብሎ ከያዘ፣ ብስባሴውም ደረቅ ያለ ከሆነ ቡናማ አበስብስ ነው። ቆዳው ሙልጭ ብሎ ከተላጠ፣ ውሃም ካንጠባጠበ ሪዞፐስ ነው። ሪዞፐስ ትንሽ ሲቆይ ነጭ ረጃጅም ጸጉር ያወጣል፤ የጸጉሩ ጫፍ ላይ ደቃቅ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ያ ጸጉር ከአንዱ ኮክ ወደ ሌላው እየተሻገረ ጤነኛውን ሳይቀር ያሟሟዋል፤ አንድ ፍሬ ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ጥግ ሙሉ ያረጥበዋል። ግራጫ ሻጋታና ሰማያዊ ሻጋታ የሚባሉም አሉ፤ ሰማያዊው በተለይ የቆሰለ ፍሬን ይወዳል። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ከጤና ጋር የተያያዘ ጉዳይ አለውና።

መለየቱ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ሪዞፐስ ጤነኛ ቆዳን በራሱ ሰብሮ አይገባም፤ ቁስል ይፈልጋል። ስለዚህ ሳጥናችሁ ውስጥ የሚበዛው እሱ ከሆነ ጥፋቱ ያለው አለቃቀማችሁና አያያዛችሁ ላይ ነው። ቡናማ አበስብስ ግን በቁስል በኩል ይበልጥ ቢቀናውም ያለ ቁስልም መግባት ይችላል። የሚበዛው እሱ ከሆነ ወደ ማሳችሁ ተመለሱ።

እንግዲህ ወደ ማሳው እንሂድ። ባለፈው ዓመት በስብሶ ሳይለቀም የቀረ ኮክ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ይተወዋል። አልሞተም። በዚያ ጨምዳዳ ፍሬ ውስጥ ሞኒሊኒያ እስከሚቀጥለው የአበባ ወቅት በሕይወት ይቆያል። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲነካው ስፖር የሚባለውን ዱቄት መሰል ዘሩን ያወጣል፤ ያንን ነፋስ፣ የዝናብ ፍንጣቂና ነፍሳት ወደ አበባው ይወስዱታል። መሬት ላይ ወድቆ አፈር በስሱ የሸፈነው ጨምዳዳ ፍሬም እርጥበት ሲያገኝ ጽዋ የምትመስል ትንሽ እንጉዳይ ሊያወጣ ይችላል፤ ከእሷም ዘሩ ወደ ላይ ይበተናል።

አበባው ከተያዘ ይጠወልግና ቀንበጡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ገበሬውን የሚያታልለው ክፍል ነው። ፈንገሱ ገና አረንጓዴ በሆነው ትንሽ ፍሬ ቆዳ ሥር ገብቶ ይተኛል። ጥሬው ኮክ ጎምዛዛና ጠንካራ ስለሆነ አይመቸውም፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት ይጠብቃል። ፍሬው ስኳር መያዝና መለስለስ ሲጀምር ይነሳል። ለዚህ ነው ሰኞ ንጹሕ የነበረው ኮክ ረቡዕ ነጥብ ይዞ የሚገኘው። ለቃሚው አላጠፋም፣ ሹፌሩም አላጠፋም። ፍሬው ሳጥን ውስጥ ሲገባ በሽታውን ይዞ ነው የገባው።

ታዲያ በማሳ ደረጃ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድማችሁ ጨምዳዳውን ፍሬ ከዛፍም ከመሬትም ልቀሙ። ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት ጊዜ በግልጽ ይታያል፤ ሕፃናት እንኳን ሊለቅሙት ይችላሉ። የደረቀውን ቀንበጥ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቁረጡ። የለቀማችሁትን ጥግ ላይ አትከምሩት፤ ከአንድ ክንድ ባላነሰ ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለዚህ ሥራ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ሆኖም ከብዙ ርጭት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ በሙሉ እምነት እናገራለሁ።

ፍሬው የአውራ ጣት ያህል ሲሆን አሳሱት። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በፍሬና በፍሬ መካከል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ተነካክተው ያደጉ ሁለት ኮኮች መገናኛቸው ላይ ውሃ ይይዛሉ፣ ትልም ይደበቅበታል፣ አንዱ ሲበሰብስ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ገበሬ የያዘውን ፍሬ አራግፍ ሲባል እንደሚከብደው አውቃለሁ። የቀሩት ግን ይተልቃሉ። ዛፉንም መሃሉን ክፈቱት፤ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ ዛፍ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃል። የሞኒሊኒያ ዘር ለመብቀል እርጥብ ቆዳና ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ኮካችሁ በዝናብ ወቅት የሚደርስ ከሆነ የዛፉ አከፋፈት ወሳኝ ነው።

ዩሪያ የምታበዙ ደግሞ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ በኔክታሪን ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ናይትሮጅን ያገኙ ዛፎች ፍሬ ለቡናማ አበስብስ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ኔክታሪን ጸጉር የሌለው ኮክ ነው። ዛፉ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ደረጀ ማለት ፍሬው ጠነከረ ማለት አይደለም።

የፍራፍሬ ዝንብም በዚሁ ይነሳል። ዝንቧ እንቁላሏን ለመጣል ቆዳውን ትወጋለች፤ የወጋችው ቀዳዳ ለፈንገሱ የተከፈተ በር ነው። የወደቀ ፍሬ በየቀኑ እየለቀማችሁ ብታርቁ ዝንቡንም ፈንገሱንም በአንድ ጊዜ ትቀንሳላችሁ።

አሁን ወደ ለቀማው። ለቀማ በተቻለ መጠን ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይሁን፤ በአብዛኛው ደጋ አካባቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማለት ነው። ዝናብ ጥሎ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ይህን ትንሽ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት፤ ሪዞፐስ የሚገባው በዚያችው የጥፍር ጭረት ነው። ኮኩን በጣት ጫፍ አትጫኑት፤ በመዳፍ ሙሉ ያዙትና ጠምዘዝ አድርጋችሁ አንሱት። ዛፍ አራግፎ መልቀም ለሩቅ ገበያ የሚሆን ኮክን ገና ከመነሻው ማበላሸት ነው። መሬት የነካውን ከዛፍ ከተለቀመው ጋር አትቀላቅሉ፤ የሪዞፐስ ዘር አፈር ውስጥ ሞልቷል።

የማዳበሪያ ጆንያን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ኮክ በጆንያ አይጫንም። የታችኛው ፍሬ የላይኛውን ክብደት ተሸክሞ በየጉድባው ሲላጋ ይጨፈለቃል፤ የወጣው ጭማቂም ለፈንገሱ ምግብ ነው። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሳጥን ይሁን፤ ከሦስት ረድፍ በላይ አትደርድሩ፤ የእንጨቱን ውስጥ በንጹሕ ወረቀት አልብሱ። ቅርጫትም ቢሆን ሻካራ ጫፉ ከተሸፈነና ጥልቀቱ ካነሰ ያገለግላል። ሳጥኑ ከጉዞ ሲመለስ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ያለፈው ሳምንት ብስባሽ የተጣበቀበት ሳጥን ለዚህ ሳምንት ኮክ በሽታ ይዞ ይጠብቃል።

ለቀማው ሲያበቃ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ኮክ ከዛፍ ከወረደ በኋላም ይተነፍሳል፤ የያዘውን ስኳር እያቃጠለ ይሞቃል፣ ይበስላል። በ20 ዲግሪ ያለ ኮክ አተነፋፈሱ በ0 ዲግሪ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ፈንገሱም እንዲሁ በሙቀት ይሮጣል። ፀሐይ ላይ የተተወ ሳጥን ውስጥ ያለው ፍሬ ከአየሩ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ሳጥኑ ከተሞላበት ደቂቃ ጀምሮ ጥላ ሥር ይሁን። በዳስ ሥር፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አድርጉት። የደጋ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን የተፈጥሮ ስጦታ ተጠቀሙበት። ማታውን በተከፈተ ሳጥን ቀዝቅዞ ያደረ ኮክ ጎህ ሲቀድ ቢጫን፣ ከሰዓት በኋላ በሸራ ታፍኖ ከሚጫነው ጋር አይወዳደርም።

በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል አሸዋ አድርጎ ውሃ በማጠጣት የሚቀዘቅዝ ማቆያ አለ። በደረቅ ወራት በደንብ ያበርዳል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ግን ውሃው ስለማይተን እምብዛም አይሠራም፤ በክረምት በእሱ አትተማመኑ።

ማቀዝቀዣ ክፍል ያላቸው ማኅበራትና ነጋዴዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ለኮክ ተስማሚው ቅዝቃዜ 0 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአየሩ እርጥበትም ከ90 እስከ 95 በመቶ ይሁን። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል። ያ ትክክል አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ኮክን ለሳምንታት ሲያቆዩበት ሥጋው ውሃ አጥቶ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከውስጥም ይጠቁራል፤ ላዩ ምንም ሳይሆን ጣዕሙ ይሞታል። ሪዞፐስ ከ5 ዲግሪ በታች ማደግ ያቆማል፤ ቡናማ አበስብስ ግን 0 ዲግሪ ላይም ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ግራጫ ሻጋታም እንዲሁ። ቅዝቃዜ በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አይፈውሰውም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኮክ በሙቀት ሲያልበው ደግሞ ያ ላብ ለፈንገሱ የሚፈልገውን ውሃ ይሰጠዋል። ስለዚህ ካወጣችሁት በኋላ ቶሎ ሽጡት።

ስለ እጥበት ብዙ ጥያቄ ይቀርባል። ኮክ ጸጉራም ስለሆነ አቧራ ይይዛል፤ ገዢውም ንጹሕ ይፈልጋል። እኔ የምመክረው፣ ማድረቂያ ቦታና ንጹሕ ውሃ ከሌላችሁ አትጠቡት፤ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጨርቅ ይበቃል። የምታጥቡ ከሆነ ግን በተራ ውሃ አትጠቡ። አንድ የበሰበሰ ኮክ በርሜሉ ውስጥ ከገባ ዘሩን ለሁሉም ያዳርሳል። ውሃው ክሎሪን ይኑረው። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው፣ ሽቶ ካልተጨመረበት በረኪና 40 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ብትበጠብጡት በአንድ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያገኛል፤ በዚህ ሥራ የተለመደው መጠን ነው። ኮኩ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ነፋስ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ውሃው አፈርና ቅጠል ሲበዛበት ክሎሪኑ ይሞታል፤ ስለዚህ ሲደፈርስ ቀይሩት። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አታደባልቁ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ክሎሪን የሚገድለው ውሃው ውስጥና ቆዳው ላይ ያለውን ዘር ብቻ ነው። ቆዳው ሥር ገብቶ የተኛውን አይነካውም።

ቆዳ ሥር ያለውን የሚደርስበት ሙቀት ነው። በስፔን፣ በካታሎኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ኮክን በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክሮ በማውጣት፣ ወይም በ50 ዲግሪ እርጥብ አየር ውስጥ ለ2 ሰዓት በማቆየት ቡናማ አበስብስን በከፍተኛ ደረጃ ቀንሰዋል። ፈንገሱ ገና ጥልቅ ስላልገባ ሙቀቱ ሥጋውን ሳያበስል ይደርስበታል። ይህ አሠራር ኬሚካል ስለማይፈልግ ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ቴርሞሜትር በሌለበት፣ በግምት በሞቀ ውሃ ማንም እንዳይሞክረው። ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ቆዳው ይቃጠላል። ደግሞም ሙቀት የሚተወው ጥበቃ የለም፤ የታከመው ፍሬ ቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል።

በባክቴሪያ ፈንገስን የመከላከል ሙከራም በዚሁ ፍሬ ላይ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፑሲና ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሲለስ ሰብቲለስ የተባለው ባክቴሪያ በተለቀመ ኮክ ላይ ቡናማ አበስብስን እንደሚገታ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ ብዙ ተሠርቷል።

ስለ ኬሚካል ስናገር ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። በትልልቅ የማሸጊያ ድርጅቶች ውስጥ ለተለቀመ ፍሬ ተፈቅደው የሚረጩ ፀረ ፈንገሶች አሉ፤ ፍሉዲዮክሶኒል አንዱ ነው። መጠናቸው በመሣሪያ ተለክቶ፣ ቅሪታቸው በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነው። እንዲህም ሆኖ ፈንገሱ ይለምዳቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤኖሚል በሰፊው ሲረጭ ሞኒሊኒያ ተላምዶት መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል። እናንተ ግን ለድንች ወይም ለቲማቲም ማሳ የገዛችሁትን መድኃኒት በባልዲ በጥብጣችሁ የተለቀመ ኮክ እንዳትነክሩበት አደራ እላለሁ። ኮክ ከነቆዳው የሚበላ ፍሬ ነው፤ የሚበሉትም ልጆች ናቸው። ማሳ ላይ መርጨት አስፈላጊ ከሆነም ከልማት ሠራተኛ ጋር ተማክራችሁ፣ ለኮክ የተፈቀደውን፣ ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የቀን ገደብ ጠብቃችሁ ይሁን።

አሁን በቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ከዋናው ለቀማ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ከተለያዩ ዛፎች መቅላት የጀመሩ 20 ጤነኛ ኮኮች ልቀሙ። ክዳን ያለው ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጁ፤ ታቹ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ ፍሬው ጨርቁን እንዳይነካው ጨርቁ ላይ በእንጨት ዘንግ ርብራብ ሥሩ። ኮኮቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ደርድሩ፣ ክደኑና ሞቅ ባለ ክፍል ለ5 ቀን አስቀምጡ። ከዚያ ክፈቱና ቡናማ ነጥብ የያዙትን ቁጠሩ። አንድ ወይም ምንም ካልሆነ ማሳችሁ በደህና ሁኔታ ላይ ነው፤ ራቅ ወዳለ ገበያ መጫን ትችላላችሁ። አምስትና ስድስት ከሆነ ግን ያንን ኮክ ሩቅ አትላኩት። በለቀማችሁበት ቀን በቅርብ ገበያ ሽጡት፤ ወይም ጤነኛው ገና ጤነኛ ሳለ ማርማላታ ይሠራ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጨምዳዳውን ፍሬ መልቀም እንዳለባችሁ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቅድም ያቆየሁት ሰማያዊ ሻጋታ ነው። ይህ ፈንገስ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሻጋታው ከሚታይበት ቦታ አልፎ ወደ ሥጋው ሊገባ ይችላል፤ በማፍላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጁስ ቤት ያላችሁ፣ ለጁስ ቤት የምታቀርቡ፣ በቤታችሁም ማርማላታ የምትሠሩ እናቶችና እህቶች፣ የሻገተ ኮክ ግማሹን ቆርጣችሁ በቀረው አትጠቀሙ። ዋጋው ቢቀንስም አትግዙት፤ ያላችሁም ከማሳው ርቆ ይቀበር።